ሳንባን አድኖ ጆሮን የወሰደ መድኃኒት

(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር)



«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት የተነገረው ስለ ሐሜት ነው። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ወሬ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶት ሲያበቃ እርሱ ብቻ ሳይሰማው ይቀራልና። ይሁን እንጂ ይህን ተረት ከሐሜት አውጥተን ወደ ሕክምና ታሪክ ብንወስደው አባቶቻችን ያላሰቡት ሌላ ፍች ይገኝለታል። በመድኃኒት የሚጎዳ ጆሮ ጉዳቱ የሚጀምረው ባለቤቱ ሊያውቀው ከማይችልበት ወገን ነው፤ ባለቤቱ ባወቀው ጊዜ ደግሞ ነገሩ ያለፈ ይሆናል። ዛሬ የምናወጋችሁ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከሞት ስላዳነ፣ ነገር ግን ካዳናቸው ከብዙዎቹ ላይ መስማትን ስለ ወሰደ አንድ የመድኃኒት ወገን ነው።

ይህ ቃል አስቀድሞ በራዲዮ ሲነገር ሊሰሙት ያልቻሉ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ታሪኩ የእነርሱው ስለ ሆነ በጋዜጣ መታተሙ ይልቁንም ለእነርሱ ነው። የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን ዓመተ ምሕረት እንጽፋለን።

በልደታ ክፍለ ከተማ ክልል ውስጥ ስማቸው በመላው አገር የታወቀ ሁለት ሆስፒታሎች ይገኛሉ። አንደኛው ጥቁር አንበሳ ነው፤ ሁለተኛው በደጃዝማች ባልቻ ስም የሚጠራው፣ ከጦርነቱ በኋላ የሶቪየት ቀይ መስቀል ያቋቋመው ሆስፒታል ነው። ከእነዚህ ሌላ በየቀበሌው ጤና ጣቢያዎች አሉ። በጠዋት ከጤና ጣቢያው ገብቶ ክኒኑን በነርሷ ፊት ውጦ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚያመራ ሰው ብታዩ፣ ምናልባት የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ነው። ሥራውን ሳይፈታ፣ ከቤተ ሰቡ ሳይለይ፣ መድኃኒቱን ካላቋረጠ በ6 ወር ይድናል። አያቱ በዚሁ በሽታ ተይዘው ቢሆን ኖሮ የሚታዘዝላቸው ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና የሚያወፍር ምግብ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው እግዚአብሔር ያመጣው ነው። ፔኒሲሊን እንኳ፣ ያን ያህል የተመሰገነው መድኃኒት፣ የነቀርሳን ተሕዋስ ፈጽሞ አይነካውም።

መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1943 በጥቅምት ወር ነው። በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በረትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ አልበርት ሻትዝ የሚባል የ23 ዓመት ተማሪ በምድር ቤት በሚገኝ ላቦራቶሪ ውስጥ ከአፈር የሚገኙ ተሕዋስያንን ሲመረምር ሁለት ዘር አገኘ፤ አንዱ ፍግ ከበዛበት የእርሻ አፈር፣ ሁለተኛው ከዶሮ ጉሮሮ የተወሰደ ነበር። ከእነዚህ የሚመነጨው ንጥረ ነገር የነቀርሳን ተሕዋስ እንደሚገድል ታወቀ፤ ስሙም ስትሬፕቶማይሲን ተባለ። የሻትዝ አለቃና መምህር ሰልማን ዋክስማን ነበር። ሁለቱ በኋላ በክብሩ ተጣሉ። ሻትዝ እ.ኤ.አ. በ1950 መምህሩን ከሰሰና በስምምነት የግኝቱ ተካፋይ መሆኑ ታወቀለት፤ ሆኖም በ1952 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዋክስማን ብቻ ነው። በመሥሪያ ቤት ለሚሠራ አንባቢ የአለቃና የረዳት ነገር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

መድኃኒቱን በእንስሳት ላይ፣ ከዚያም በሰው ላይ የሞከሩት በሚኔሶታ የማዮ ክሊኒክ ሰዎች፣ ዊልያም ፌልድማንና ኮርዊን ሂንሾ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 በኅዳር ወር መርፌውን ከወሰዱት በሽተኞች የመጀመሪያዋ ሳንባዋ ክፉኛ የተጎዳ የ21 ዓመት ሴት ነበረች፤ ድና ትዳር ይዛ 3 ልጆች ወለደች። እንግዲህ የዓለም ደስታ ምን ያህል እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ነገር ግን ገና ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞች መካከል፣ መርፌው ለጥቂት ሳምንታት ሲቀጥል፣ ራሳቸውን የሚያዞራቸውና ሲራመዱ የሚንገዳገዱ ታዩ። የአንዳንዶቹም ጆሮ ደከመ። ልብ ይሏል፤ ጉዳቱ ከብዙ ዘመን በኋላ የተገለጠ ምሥጢር አልነበረም። መድኃኒቱና ጉዳቱ የታወቁት በአንድነት ነው።

ነገሩን በቍጥር ያስረዱት እንግሊዞች ናቸው። የባልቻ ሆስፒታል በአዲስ አበባ በተቋቋመበት ዘመን ገደማ፣ ከጦርነቱ ደህይታ የወጣችው ብሪታንያ ከአሜሪካ ልትገዛ የቻለችው ስትሬፕቶማይሲን 50 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። ይህ ለሁሉ አይደርስም። ስለዚህ የሕክምና ምርምር ምክር ቤታቸው፣ በስታቲስቲክስ ሊቁ በኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ምክር፣ 107 በሽተኞችን በዕጣ ለየ፤ 55ቱ መርፌውን ከአልጋ ዕረፍት ጋር፣ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ እንዲያገኙ ተደረገ። በ6 ወር ውስጥ መርፌውን ካላገኙት 14 ሲሞቱ ካገኙት የሞቱት 4 ናቸው። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1948 ታተመ፤ በዕጣ መለየት እስከ ዛሬ የመድኃኒት ምርመራ ሁሉ ሚዛን ሆኖ ቀርቷል። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ከ55ቱ 36ቱ የራስ ማዞር እንደ ደረሰባቸው ተጽፏል። የመጀመሪያውን ቍጥር ዓለም ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ሁለተኛውን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ከዚህ ላይ ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ጥቂት ብንገልጽ አንባቢን አይሰለቸውም ብለን እናምናለን። ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡ 12 ጥንድ ነርቮች አሉ። ስምንተኛው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይሄዳል፤ ሥራውም ሁለት ነው፤ አንዱ ቅርንጫፉ ድምፅን፣ ሌላው የሰውነትን ሚዛን ለአንጎል ያስታውቃል። የቀድሞ ሐኪሞች የስትሬፕቶማይሲንን ጉዳት «የስምንተኛው ነርቭ ጉዳት» ብለው ጠሩት። በኋላ እንደ ተረዱት ጉዳቱ የሚጀምረው ከነርቩ ጫፍ ነው፤ ቀንድ አውጣ በመሰለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ድምፅን የሚቀበሉት ጠጉር መሰል ሕዋሳት ይሞታሉ፤ የሚቀበለው ያጣ የነርቭ ክር ደግሞ ቀስ በቀስ ይመነምናል። ቆዳ ቢላጥ ይተካል፤ አጥንት ቢሰበር ይጋጠማል፤ እነዚህ ሕዋሳት ግን ከሰው ልጅ ከሞቱ አይተኩም። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለ ሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ሽማግሌ፣ ብዙ መርፌ የወሰደ ሰው አደጋው ይበዛበታል።

ሚዛኑ የጠፋበት ሰው፣ ይልቁንም ወጣት ከሆነ፣ በጊዜ ብዛት በዓይኑ እየተመራ መራመድን ይማራል። ቀን ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። መብራት ሲጠፋ ግን፣ በአዲስ አበባም መብራት መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ግድግዳ ሳይዝ ከመኝታ ቤቱ እስከ ደጁ ሊደርስ አይችልም።

እንግዲህ ሐኪሞቹ ይህን እያወቁ ለምን ቀጠሉ? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በዚያን ጊዜ ቀላል ነበር። የነቀርሳው ተሕዋስ ወደ አንጎል ሽፋን የገባበት ሕፃን ከስትሬፕቶማይሲን በፊት የሚተርፍበት መንገድ አልነበረም። ከመርፌው በኋላ ብዙዎች ተረፉ፤ ከተረፉትም መካከል፣ አንዳንዱ ከራሱ ከበሽታው፣ አንዳንዱ ከመድኃኒቱ የተነሣ፣ ጆሮው የጠፋ ነበር። የትኛዋ እናት ናት የማይሰማ ልጅ ከምታቅፍ የሞተ ልጅ ብቀብር ይሻለኛል የምትል? ከመሞት መሰንበት። የዚያን ዘመን ሐኪሞች ፍርድ ትክክል ነበር ብለን እናምናለን።

የሚያሳዝነው ግን ይህ ፍርድ ለሞት አፋፍ የተሰጠ ሆኖ ሳለ ሞት በሌለበት ቦታ ሁሉ መሥራቱ ነው። ፋብሪካዎች ስትሬፕቶማይሲንን ከፔኒሲሊን ጋር በአንድ መርፌ እያዋሐዱ ለተራ ትኩሳትና ለተራ ቍስል ይሸጡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን የሚባል ወንድሙ ተሠርቶ ወጣ። ራስ ማዞሩ ያነሰ ነው ተብሎ በደስታ ተቀበሉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የታየው ግን፣ ራስ አያዞርም የተባለው መድኃኒት መርፌው ከቆመ ከሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ከወራት በኋላ ሳይታሰብ ጆሮን ጨርሶ የሚዘጋ መሆኑ ነው። ማዞርን ሸሽተው በድንቍርና ላይ ወደቁ። አንዳንድ ፋብሪካማ ሁለቱን ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ ሸጠ። በመጨረሻ ይህ ሁለተኛው ከሰው ሕክምና ወጣ።

ድንቍርና የሚለውን ቃል ስንጽፍ እጃችን ያዝ አድርጎናል። በቋንቋችን ደንቆሮ ማለት የማይሰማም የማያውቅም ማለት ስለ ሆነ፣ ነቀርሳን ታግሎ አሸንፎ ጆሮውን ያጣ ሰው በድሉ ፈንታ ስድብ ይደርሰዋል። መስማት የተሳነው ማለት ይሻላል፤ ቃሉ ረጅም ቢሆንም ክፋት የለበትም።

በአገራችን መርፌ ከክኒን ይልቅ የተከበረ ነው። መርፌ ያልወጋው ሐኪም ያላከመው የሚመስለው ሰው ዛሬም ብዙ ነው፤ በየመንደሩም ፈቃድ የሌላቸው መርፌ ወጊዎች የኖሩት ይህ እምነት ስላለ ነው። ጉንፋን ለያዘው ልጅ መርፌ ይሰጠው ብለው ከነርስ ጋር የሚከራከሩ ወላጆች የሚለምኑት ነገር ምን እንደ ሆነ ቢያውቁ ክርክሩን ይተዉት ነበር። በቻይና አገር ይህ ነገር ብዙ ልጆችን ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 «ባለ ሺህ እጅ» የተባለውን ጭፈራ በመምራት በዓለም የታወቀችው ታይ ሊሁዋ መስማት የተሳናት በ2 ዓመቷ፣ ትኩሳት ይዟት ስትሬፕቶማይሲን ከተወጋች በኋላ ነው።

በዚያው በቻይና ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ። አንዳንድ ቤተ ሰብ በጥቂት መርፌ ብቻ ጆሮው ይጠፋል፤ ሌላው ብዙ ተወግቶ ምንም አይሆንም። የሚተላለፈውም በእናት ወገን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ምክንያቱ ታወቀ፤ ልጅ ከእናቱ ብቻ በሚወርሰው የዘር ክፍል ውስጥ የአንዲት ፊደል ለውጥ አለች፤ ይህች ለውጥ ያለችበት ሰው ለዚህ መድኃኒት ወገን እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል ከስትሬፕቶማይሲን ወገን መርፌ የሚታዘዝለት ቢኖር፣ በእናቱ ወገን በመርፌ ምክንያት መስማት የተሳነው ዘመድ እንዳለ ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ቢናገር ይበጀዋል።

ጆሮ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ በሲ ቪው ሆስፒታል አይሶኒያዚድ የሚባል ርካሽ ክኒን ሲሞከር፣ ተስፋ የተቈረጠባቸው በሽተኞች የምግብ ፍላጎታቸው ተመልሶ በሆስፒታሉ ውስጥ ሲጨፍሩ ታዩ። ይህ ክኒን በፕራግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1912 ተሠርቶ ማንም ጥቅሙን ሳያውቅ 40 ዓመት ተቀምጦ ነበር። ዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ አንዳንዶቹ በሽተኞች እግራቸው እንደ እሳት ያቃጥላቸው፣ ከዚያም ይደነዝዝ ጀመር። ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ-6 ስለሚያባክን የእጅና የእግር ነርቭ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ1954 ያንኑ ቫይታሚን አብሮ በመስጠት ጉዳቱን ማስቀረት እንደሚቻል ታወቀ። የዚህ መድኃኒት ዋጋው እጅግ አነስተኛ ነው። ይልቁንም ምግብ ያነሰው፣ አረቄ የሚያበዛ፣ የስኳር በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ያለበት ሰው ሊያገኘው ይገባል። አይሶኒያዚድን ቀስ ብሎ የሚያጣራ ሰውነት ያላቸው ሰዎች ደግሞ የበለጠ ይጎዳሉ፤ በኢትዮጵያውያን መካከል እንደዚህ ያለ ሰውነት ያላቸው ብዙ ናቸው። ኤታምቡቶል የሚባለው ሌላው የነቀርሳ ክኒን የዓይንን ነርቭ ሊነካ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚታየውም ቀይና አረንጓዴ ቀለምን መለየት ማቃት ነው። የሰንደቅ ዓላማችን ሁለቱ ዳርና ዳር ቀለማት አንድ ዓይነት መስለው የታዩት በሽተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪሙ ይሂድ።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንምጣ። የነቀርሳ በሽተኞች ተለይተው የሚታከሙበት የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በእንጦጦ ግርጌ የተቋቋመው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ስትሬፕቶማይሲን በየቀኑ በመርፌ፣ ከዚያም እስከ አንድ ዓመት የሚዘልቅ ክኒን ነበር። በ1984 ዓ.ም. ገደማ በአርሲና በባሌ የተጀመረው፣ በሽተኛው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ፊት የሚወስድበት አዲሱ ዘዴ ወደ መላው አገር ሲስፋፋ ሕክምናው አጠረ፤ ለአዲስ በሽተኛ መርፌው ቀረ። ነገር ግን በሽታው ለተመለሰበትና መድኃኒቱን አቋርጦ ለመጣ ሰው 2 ወር ስትሬፕቶማይሲን መውጋት እንደ ሥርዓት ቀጠለ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ አሠራር እንዲቀር ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ከሁሉ የከበደው መድኃኒቱን የተላመደው ነቀርሳ ነው። አይሶኒያዚድና ሪፋምፒሲን የማይገድሉት ተሕዋስ ያለበት ኢትዮጵያዊ እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ በአገሩ ሕክምና አልነበረውም ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት በየካቲት ወር በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሕክምናው ተጀመረ፤ ቀጥሎም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሁለቱ ሆስፒታሎች ሕክምናውን ከጀመሩት፣ ውጤታቸው ከታወቀው 612 በሽተኞች መካከል ከ100 እጅ 78 ያህሉ ዳኑ ወይም ሕክምናቸውን በመልካም ፈጸሙ። ይህ ከሀብታም አገሮች ጋር የሚወዳደር፣ የኢትዮጵያን ሐኪሞችና ነርሶች የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የሕክምናው አከርካሪ ግን ካናማይሲንን ወይም ካፕሪዮማይሲንን የመሰለ፣ ለብዙ ወራት በየቀኑ ያህል የሚወጋ መርፌ ነበር። ካናማይሲንን ጃፓናዊው ሐማዎ ኡሜዛዋ እ.ኤ.አ. በ1957 ያስታወቀው የስትሬፕቶማይሲን ዘመድ ነው፤ ከስትሬፕቶማይሲንም ይልቅ የሚጎዳው መስማትን ነው።

እስቲ በልደታ ፍርድ ቤት የምስክር ቃል የሚጽፍ አንድ ጸሐፊ እናስብ። ይህ ሰው ለምሳሌ የቆመ ነው፤ የደረሰበት ግን በብዙዎች የደረሰ ነው። መርፌውን ከጀመረ ሁለተኛው ወር ላይ ጆሮው ጭው ይላል። ለነርሷ አይነግራትም፤ መርፌው ከተቋረጠ እሞታለሁ ብሎ ይፈራልና። በቅድሚያ የሚጠፉት ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ የወፍ ጩኸት፣ የስልክ ቃጭል። የሰው ንግግር ከዚያ በታች ባለው ድምፅ ስለሚሄድ ገና ደኅና ነኝ ይላል። ቀጥሎ የሴቶችና የሕፃናት ድምፅ ይደበዝዛል፤ ከፊደሎችም ሰ እና ፈ ይቀላቀሉበታል። ምስክሩ «ፈራሁ» ሲል «ሠራሁ» ብሎ ይጽፋል። ዳኛው ይቈጣል። ጸሐፊውም ባልደረቦቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩበት ይመስለዋል። እንግዲህ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ተረት እዚህ ላይ ሲፈጸም እናያለን።

ይህን ጉዳት ሰው ሳያውቀው የሚያውቅ መሣሪያ ከጥንትም አለ። ኦዲዮሜትር ይባላል፤ ቀጫጭኑን ድምፅ ደረጃ በደረጃ እያሰማ የመስማትን ወሰን ይለካል። መርፌው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በየወሩ ቢለካ ጉዳቱ ወደ ንግግር ድምፅ ከመውረዱ በፊት ይታወቃል፤ ሐኪሙም መጠኑን ይቀንሳል ወይም መድኃኒቱን ይለውጣል። በድኻ አገሮች ግን መርፌው በደረሰበት ሁሉ መለኪያው አልደረሰም። መለኪያው ባለበትም የሚለካ ሙያተኛና ድምፅ የማይገባበት ክፍል ያስፈልጋል። እኛ እንደምናስበው ከዚህ ታሪክ ሁሉ ወቀሳ የሚገባው ይህ ነው። መድኃኒቱ ይጎዳ እንደ ነበር የታወቀው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሞትን የሚቈጥር መዝገብ በየአገሩ ሲዘጋጅ የጠፋውን ጆሮ የሚቈጥር መዝገብ ግን በብዙ ቦታ አልነበረም። ያልተቈጠረ ጉዳት ደግሞ በጀት አይያዝለትም፤ ይህን የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ቈጠራው በመጨረሻ ተደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከብዙ አገሮች የተሰበሰበውን ማስረጃ መርምሮ ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ለነቀርሳ እንዳይታዘዙ መከረ፤ እነርሱን የወሰዱት በሽተኞች ካልወሰዱት ይልቅ የተሻለ ውጤት አላገኙም ነበርና። ይህን ዐረፍተ ነገር ደግመን ብናነበው ተገቢ ነው። ጆሮ የተከፈለበት ነገር ሌላ ክኒን ቢኖር ኖሮ ሊከፈልበት የማይገባ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ፍለጋ የአገራችን ሰዎች ተካፋይ ናቸው። ስትሪም በተባለው የብዙ አገሮች ምርመራ ውስጥ የኢትዮጵያ በሽተኞች ገብተውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው የሁለተኛው ክፍል ውጤት፣ መርፌ ያለበትን ሕክምና ከወሰዱት ከ100 እጅ 9ኙ ከባድ የመስማት ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ቤዳኩሊን የሚባለውን አዲስ መድኃኒት ይዞ በክኒን ብቻ የሚሰጠውን ከወሰዱት የተጎዱት 2 ብቻ ናቸው። የዳኑትም በክኒኑ በኩል የበለጡ ነበሩ። ኢትዮጵያም መርፌውን ትታ ወደ ክኒኑ ተሻግራለች።

ቢሆንም ነርቭ ከአደጋ አልዳነም። ዛሬ ከቤዳኩሊን ጋር ከሚሰጡት አንዱ ሊኔዞሊድ ነው፤ ይህም የእግርንና የእጅን ነርቭ፣ አልፎ አልፎም የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። በደቡብ አፍሪቃ በ109 በሽተኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት፣ እጅግ ከከፋ ነቀርሳ ከ100 እጅ 90ው በመልካም ሲወጡ 81ዱ ደግሞ የነርቭ መደንዘዝ ወይም ማቃጠል ደረሰባቸው። በ1948ቱ የእንግሊዞች ጽሑፍ ላይ እንዳየነው፣ ሁለት ቍጥሮች ጎን ለጎን ቆሙ ማለት ነው። አሁን ግን የተደረገው ሌላ ነው። ሐኪሞቹ ሁለተኛውን ቍጥር ቸል ሳይሉ የመድኃኒቱን መጠን በቀን ከ1200 ሚሊግራም ወደ 600 አውርደው ደግመው ሞከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደ ታወቀው ይህን ለ26 ሳምንት ከወሰዱት የዳኑት ያው ከ100 እጅ 91 ሆኑ፤ ነርቫቸው የተነካው ወደ 24 ወረደ። ግማሹ መጠን ይበቃ ነበር። ዛሬ የሚታዘዘው ይኸው 600 ነው። እግሩ የሚነዝረው በሽተኛ በቶሎ ከተናገረ ሐኪሙ መጠኑን ያሳንስለታል ወይም ያቆምለታል፤ ከዘገየ ግን መደንዘዙ አብሮት ሊቀር ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለመድኃኒቱ ጉዳትም ይሠራል።

አስቀድመው ጆሯቸውን ላጡት አዲሱ ትእዛዝ የሚመልስላቸው ነገር የለም። ጉዳታቸው መካከለኛ የሆነውን የጆሮ መሣሪያ ይረዳቸዋል። ጨርሶ የጠፋባቸው በ30 ወይም በ40 ዓመታቸው የምልክት ቋንቋ እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው መማር አለባቸው፤ ሚስትና ልጅም አብረው ካልተማሩ ትምህርቱ ብቻውን አይጠቅምም።

ከዚህ የመድኃኒት ወገን አንዱ፣ ጄንታማይሲን፣ ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚሠራ ነው፤ ደሙ ውስጥ ተሕዋስ የገባበትን አራስ ሕፃን ለማዳን እጅግ ያስፈልጋል። ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ሆስፒታል ሊደርስ ለማይችል የገጠር አራስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለ7 ቀን እንዲወጉት በመንግሥት ተፈቅዷል። ከመርፌው በፊት ግን ሕፃኑ ልብሱን አውልቆ ሚዛን ላይ ይወጣል። የአራስ ኩላሊት ገና ሰነፍ ስለ ሆነ መጠኑ የሚሰላው በክብደቱ ልክ ነው፤ እናቱ ልጄ በረደው ብላ ብትቸኩልም ሠራተኛዋ ቍጥሩን አይታ እስክትጽፍ ድረስ መርፌው አይሞላም።